እማዬ ክኒኑን ለሁለት ትገምሰዋለች

ይህ ደብዳቤ የደረሰኝ ከደብረ ብርሃን ነው። ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ፣ ጸሐፊዋን የሚያሳውቅ ነገርም አውጥቻለሁ።

«እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? እኔ ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ ደመወዜ 4,600 ብር ነው። እማዬ መንዝ ጌራ ገጠር ውስጥ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ትኖራለች። ግፊትም ስኳርም አለባት። በጥር ደብረ ብርሃን አምጥቼ አሳከምኳት። ካርዱና ምርመራው በጤና መድን ደብተሯ አለቀ። ግን መኪናው፣ አልጋው፣ ምግቡና ከውጭ የተገዛው መድኃኒት ተደምሮ 3,900 ብር ወጣ። ለፋሲካ አገር ቤት ስሄድ ምን አየሁ መሰለዎት? ክኒኑን በቢላ ለሁለት እየገመሰች ነው የምትውጠው። ግማሽ ግማሹን መቀነቷ ላይ ቋጥራዋለች። ምነው ስላት ‹እንዲበረክት ነው› አለችኝ። አሁን እግሯ ያብጣል፣ ዓይኗም ደከም ብሏል። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ሹፌር ነው። ‹ደብተሩ ወረቀት ነው፣ አንዱን በሬ ሸጠን የግል ሆስፒታል እናስገባት› ይላል። ታናሹ ‹በምን ላርስ?› ብሎ አኩርፏል። እሷ ደግሞ ‹ምንም አልሆንኩም፣ ተዉኝ› ብላ ድርቅ አለች። ግትርነቷ አስለቀሰኝ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ከደብዳቤሽ አንድ ቃል ልሰርዝ። «ግትርነቷ» ያልሽውን። እናትሽ ሒሳብ እየሠሩ ነው። በጥር እጅሽ ወደ ቦርሳሽ ሲመላለስ አጠገብሽ ቆመው ነበር። ለአልጋ ስትከፍይ አይተዋል። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ብሩን ሁለቴ ስትቆጥሪም አይተዋል። አንቺ አንድ ቃል አልተነፈስሽም ይሆናል፣ ግን እናት የልጇን ፊት ለማንበብ ፊደል መቁጠር አያስፈልጋትም። እንደኔ ግምት አገር ቤት ሲመለሱ «ይቺ ልጅ የወር ደመወዟን በሦስት ቀን ጨረሰችብኝ፣ መድኃኒቱ ቶሎ ካላለቀ ቶሎ አላስቸግራትም» ብለው ቢላ አነሱ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እውነት ነው። ግን ይህን ተረት የምንተርተው ብዙ ጊዜ ባጃጅ ጠርተን ክሊኒክ የምንገባ ሰዎች ነን። እናትሽ ከሐኪም ምንም አልደበቁም። የደበቁት ከአንቺ ቦርሳ ነው።

ሒሳቡ ግን ስህተት ነው፣ ይህን ሳትፈሪ ንገሪያቸው። ግማሽ ክኒን ግማሽ ሕክምና አይሆንም። ግፊት ድምፅ የሌለው በሽታ ነው፣ ብዙ ጊዜ አያምም፣ አያስተኛም። ውስጥ ውስጡን ግን ኩላሊትን ይጎዳል፣ የዓይንን ቀጫጭን ደም ስሮች ያበላሻል። ስኳር ሲጨመርበት ሁለቱ ይተጋገዛሉ። የእግሩ እብጠት ከኩላሊት ሊሆን ይችላል፣ ከልብም ሊሆን ይችላል። አምሎዲፒን የሚባለው የግፊት ክኒን ራሱ እግር የሚያሳብጥበት ጊዜ አለ። የቱ እንደሆነ እኔም አንቺም ከዚህ ሆነን አናውቀውም። ስለዚህ ሐኪም ሳያያቸው በራሳቸው ክኒን እንዳያቆሙ፣ ጎረቤት ከሚውጠውም እንዳይዋሱ። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከዛለ ወይም ምላሳቸው ከተኮላተፈ ደግሞ የዚያኑ ሰዓት ሆስፒታል ነው። ያኔ ሪፈር ፍለጋ የለም፣ ድንገተኛ በሪፈር አይጠበቅም።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እሱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ አንድ ቤተሰብ ከጠቅላላ ወጪው ከ10 በመቶ በላይ ለሕክምና ከኪሱ ካወጣ ከባድ ጫና ውስጥ ገባ ብለው ለብዙ ዓመታት ይቆጥሩት ነበር። የአንቺን ደመወዝ ብንይዝ 460 ብር መሆኑ ነው። አንቺ በአንድ ጉዞ 3,900 አወጣሽ። ደግሞ የሚገርመኝ፣ ያ ሒሳብ የሚያየው ለሕክምናው የተከፈለውን ነው። መኪናውን፣ አልጋውን፣ ሆቴል ቤት የበላችሁትን ሽሮ አይቆጥርም። ከሥራ የቀረሽበትንም ቀን አይቆጥርም። ከተማ ለሚኖር ሰው ሕክምና ማለት ካርድና መድኃኒት ነው። ከመንዝ ለሚመጣ ሰው ግን ሕክምናው የሚጀምረው በሌሊት ተነስቶ፣ ጋቢ ደርቦ፣ በዚያ ውርጭ መኪና መንገድ ድረስ በመውጣት ነው። ደብተሩ ካርዱን ይከፍልላቸዋል። ሌሊቱን የሚከፍልላቸው የለም።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስልሽ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1971 ጁሊያን ቱዶር ሃርት የሚባል፣ በዌልስ የከሰል ማዕድን መንደር የሚሠራ ሐኪም ላንሴት የሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ጥሩ ሕክምና በብዛት የሚገኘው ብዙም በማያስፈልገው ሰው ደጅ ነው፣ አብዝቶ የሚያስፈልገው ደግሞ ያጣዋል አለ። ያውም ብሪታንያ ውስጥ፣ ሐኪም በነፃ በሚታይበት አገር! ሰውዬው ጽፎ ብቻ አልቀረም፣ ሰዎቹ ታመው እስኪመጡ ሳይጠብቅ የመንደሩን ሰው የደም ግፊት ይለካ ነበር። እኛም ጋ፣ እንደኛ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት መዞር የጀመሩት ከዚህ በማይርቅ ሐሳብ ነው፣ በሽተኛው ካልመጣ ጤናው ይሂድ በሚል። የቀበሌያችሁን ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልክ ከታናሽ ወንድምሽ ተቀበዪ። እናትሽ ክኒን እየገመሱ መሆኑን ከአንቺ በቀር አንድ ሰው እዚያው አጠገባቸው ይወቅ።

በሬው ላይ ከታላቅ ወንድምሽ ጋር አልስማማም። ለምን እንደሆነ ከራሴ ቤት ልንገርሽ።

እኔም የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ከሞላሌ ወዲያ። አባቴ ሆዱን አመመው። ጤና ጣቢያ ሄደ፣ ጨጓራ ነው አሉት፣ ክኒን ሰጡት። በሳምንቱ አልሻለውም። ዘመድ ተሰበሰበና «የመንግሥት ሕክምና ምን ያውቃል» ተባለ፣ ቦራ የሚባለው በሬያችን ተሸጠ። ስሙን የማልጠራው ከተማ፣ ስሙን የማልጠራው የግል ክሊኒክ ተገባ። ሦስት ቀን ሙሉ ደም፣ ሽንት፣ ራጅ፣ አልትራሳውንድ፣ ከዚያ ያው ደም እንደገና። በመጨረሻ የወጣው ውጤት ጨጓራ ነው። ክኒኑም ያው ክኒን፣ ካርቶኑ ብቻ አምሮ። አባቴ ዳነ፣ እግዜር ይመስገን። ቦራ ግን አልተመለሰም። አምስት ዓመት በመቀናጆ አረስን። መቀናጆ ማለት ለማያውቅ አንባቢ፣ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ቤቶች በሬዎቻቸውን አጣምደው በተራ የሚያርሱበት ነው። ችግሩ ዝናቡ ተራ አያውቅም። የእኛ ተራ ሲደርስ አፈሩ ወይ ረግቷል ወይ ጨቅይቷል። ዘግይተን ዘራን፣ ዘግይቶ የተዘራ ገብስ ደግሞ ውርጭ ይመታዋል። የዚያ የሦስት ቀን ሕክምና ዕዳ ጎተራችን ላይ አምስት ዓመት ሲጽፍ ኖረ። በኋላ እናቴ ስትታመም ማንም በሬ አላነሳም፣ እሷም መታመሟን አልተናገረችም። ለምን እንዳልተናገረች የገባኝ ቆይቶ ነው። ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ ቶሎ የደነገጠው ለዚህ ነው።

የግል ሕክምና ሁሉ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። ጎበዝ ሐኪም እዚያም አለ፣ ወረፋውም አጭር ነው። ግን የግፊትና የስኳር ሕክምና አንድ ቀን ከፍለሽ የምትገላገይው ቀዶ ሕክምና አይደለም። ዕድሜ ልክ ነው። የበሬው ብር ሁለት ሦስት ጉብኝት ያስገባቸዋል፣ ከዚያስ? ሁለተኛው በሬ ይሸጣል? ዕድሜ ልክ ለሚከፈል ነገር አንዴ የሚሸጥ ንብረት አይበቃውም። በየወሩ የሚገባ ትንሽ ብር ነው የሚያስፈልገው።

ደግሞ ገቢ ስንል ስንት ብቻ ሳይሆን መቼ የሚለውም አለ። አንቺ በየወሩ መጨረሻ ብር ታያለሽ። እናትሽ ብር የሚያዩት ታኅሣሥና ጥር አካባቢ፣ ገብሱ ከተወቃ በኋላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው ይጎድላል፣ መንገዱ ይጨቀያል። ያኔ ቢታመሙ ሁለት በሬ ያላቸው እናት ለመኪና የሚከፍሉት አያገኙም። በወረቀት ላይ ግን ድሃ አይባሉም፣ ቀበሌው መክፈል የማይችሉትን ለይቶ መንግሥት ሲከፍልላቸውም ስማቸው አይገባም። እንዲህ መሃል ላይ የቀረ ስንቱ ነው! ስለዚህ የምታደርጊውን ሁሉ ክረምቱ ሳይገባ አድርጊ።

ደብተሩ ወረቀት ነው ላለው ወንድምሽ ደግሞ ግማሹን ልመንለት። ወረቀት የሚሆንበት ቀን አለ፣ መድኃኒት ቤቱ «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ያለ ቀን። በጥር የገጠማችሁም ይኸው ነው። ግን በጥር ካርዱንና ምርመራውን ማን ከፈለ? ደብተሩ አይደል? ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ብዙ ሰው «ሳልታመም ለምን እከፍላለሁ» ብሎ ስቆበታል። ዛሬ ዓመታዊ መዋጮው ሲጨምር የሚያጉረመርመው ሰው ራሱ ሲታመም ደብተሩን ይፈልጋል። ሥራው ቀላል ነው፣ ቤተሰቡ በዓመት አንዴ ያዋጣል፣ ቋቱ ደግሞ ውል ላለው ጤና ተቋም ይከፍላል። ካርድ፣ ላብራቶሪ፣ መተኛት፣ ተቋሙ ውስጥ ያለ መድኃኒት ይሸፈናል። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፈንም፣ የዓይናቸው ነገር መነጽር ከሆነ ለብቻው አስቢው። ዋናው ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ከጤና ጣቢያ ይጀመራል፣ ከዚያ በሪፈር መሃል ሜዳ ሆስፒታል፣ ከዚያ ካስፈለገ በሪፈር ደብረ ብርሃን። ሪፈሩን ዘልለሽ ቀጥታ ብታመጪያቸው ደብተሩ እጅሽ ላይ ይቀዘቅዛል። ደብተሩ ለዘንድሮ መታደሱንም እይ። ብዙ ቤት የሚጎዳው አዝመራ በተሰበሰበ ሰሞን የሚደረገውን እድሳት ረስቶ ነው፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ መለመን ነው የሚተርፈው።

«ከውጭ ግዙ» ሲሉሽ ቶሎ አትግዢ። መጀመሪያ የወረዳውን ጤና መድን ጽሕፈት ቤት ጠይቂ። አንዳንድ ቦታ መድኑ እንደ ቀይ መስቀል ካሉ መድኃኒት ቤቶች ጋር ውል አለው፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ በደረሰኝ ያወራርዳሉ። የእናንተ ወረዳ የትኛው ውስጥ እንዳለ ከመግዛትሽ በፊት እወቂ፣ ማዘዣውን ማኅተም አስመቺ፣ ደረሰኝ ሳትይዢ አትውጪ። ሐኪሙንም «እናቴ አቅም የላትም፣ ርካሹን ይጻፉልን» በዪው። ይህ ውርደት አይደለም። አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል፣ ሜትፎርሚን የመሳሰሉት ዓለም ላይ ከቆዩ ርካሽ መድኃኒቶች መካከል ናቸው። መድኃኒት ቤቱ «የህንዱን ነው የጀርመኑን?» ሲልሽ አፍረሽ የጀርመኑን አትበይ። የተፈቀደና ጊዜው ያላለፈ እስከሆነ ድረስ ግፊቱ የካርቶኑን አገር አይጠይቅም። አንድ ነገር ደግሞ ጠይቂ፦ ግፊታቸው ሲረጋጋ የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት በአንዴ ይሰጣቸው እንደሆነ። አንድ ጉዞ መቀነስ ማለት አንድ የመኪና ክፍያ፣ አንድ ሌሊትና አንድ የሥራ ቀን ማትረፍ ነው።

ስለ ሥራ ካነሳን፣ በጥር ስንት ቀን እንደተቆረጠብሽ አልጻፍሽም፣ ግን መቆረጡ አይቀርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) ለከባድና ላልተጠበቀ ነገር እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ ይሰጥሻል፣ በዓመት ሁለቴ። ብር አይሰጥሽም፣ ሥራሽን ግን ይጠብቅልሻል። በጽሑፍ ጠይቂ፣ ኮፒውንም ያዢ። ለአንቺ ለራስሽ መድን አለመኖሩም ያበሳጫል። ደመወዝተኛ ማኅበረሰብ አቀፉ መድን ውስጥ አይገባም፣ ለደመወዝተኛው የታሰበው ደግሞ አዋጁ በ2002 ወጥቶ ከዓመት ዓመት ሲንከባለል ኖረ። ይህን እዚሁ ልተወው፣ ከጀመርኩ አላቆምም።

ታዲያ ብሩ ከየት ይምጣ? ከሦስታችሁ። ታላቅ ወንድምሽ በሬ መሸጥ ከቻለ በወር 500 ብር መላክ ይችላል። የበሬ ሐሳብ ከአዲስ አበባ ሲታይ ቀላል ነው፣ በሬው የእሱ ሞፈር ላይ የለማ! አንቺ 300 ጨምሪ፣ ከዚያ በላይ አትግቢ፣ አንቺም ብትወድቂ ሁለት በሽተኛ ነው የሚሆነው። ታናሹ ብር የለውም፣ በግ ግን ይኖረዋል። የመንዝ ሰው በግ የሚያረባው ለክረምት ልብስና ለክፉ ቀን ነው፣ ይህ ደግሞ ክፉ ቀን ነው። በሬ ቤት ነው፣ በግ ኪስ ነው። አንድ ሙክት ለዚህ ጉዞ ይሸጥ፣ በሬው ይረስ። እድራችሁንም ጠይቁ። እድር ለሞተ እንጂ ለታመመ አይከፍልም ብዬ ስቀልድ እኖር ነበር፣ አሁን አሁን ግን ለበሽተኛ የሚያዋጡ፣ ለችግረኛ አባላቸው የመድን መዋጮ የሚከፍሉ እድሮች አሉ። አራጣ ግን በፍጹም። በአራጣ የተገዛ ክኒን ራሱ ግፊት ያመጣል።

አልጋውንም እናስበው። የፋብሪካ ልጆች ክፍል ተጋርታችሁ ስለምትኖሩ ይሆናል ሆቴል የያዝሽላቸው። ከጓደኞችሽ ጋር ተነጋገሪ፣ ወይ ደብረ ብርሃን ያለ የአገርሽ ሰው ፈልጊ። መንዜ ደብረ ብርሃን ላይ ዘመድ አያጣም። እናትሽም ሆቴል ከሚያድሩ ቡና በሚፈላበት ቤት ቢያድሩ ደስ ይላቸዋል፣ ግፊታቸውም ይቀንስ ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

ጸበል ልሂድ ካሉሽ አትከልክያቸው። ሸንኮራ ዮሐንስም ይሁን የቀበሌያቸው ማርያም። ክኒኑን ሳያቋርጡ ብቻ። ቄሱን ቀድመሽ አናግሪያቸው፣ «ክኒናቸውን እየዋጡ ይጠመቁ» ሲሉ ከእኔና ከአንቺ የበለጠ ይሰማሉ።

አሁን እናትሽን ምን ትያቸዋለሽ? «ብሩን አታስቢ» እንዳትያቸው። እንዲህ የምትል ልጅ ያለቻት እናት የባሰ ታስባለች፣ ምክንያቱም የምታስበው ቁጥር የላትም፣ በጨለማ ነው የምታሰላው። ቁጥሩን ስጫቸው። ቁጭ ብለሽ፣ ቡና እያፈላሽ፣ «እማዬ፣ እሱ 500 እኔ 300 እንጥላለን፣ ይህ ብር ለክኒንና ለመኪና ብቻ ነው፣ ለሌላ አይወጣም። ክኒኑን ብትገምሺው የሚተርፍልን ብር የለም። ብትወድቂ ግን በሬው ያኔ ይሸጣል» በያቸው። ይህቺን የመጨረሻዋን ሳትለሳልሺ ንገሪያቸው። እናትሽ በሬውን ለማዳን ነው ክኒን የሚገምሱት። በሬውን የሚያድነው ሙሉ ክኒን መሆኑን ሲያውቁ ከአንቺ በላይ ሰዓት ጠባቂ ይሆናሉ።

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ በጥር የተሰጣችሁን ወረቀት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። መቀነታቸው ላይ የቋጠሯቸውን ግማሽ ክኒኖችም ሳይጥሉ ይዘው ይምጡ። አፍረው ሊደብቋቸው ይሞክራሉ፣ አትቆጫቸው። ጠረጴዛው ላይ ይፍቷቸውና ሐኪሙ ይቁጠራቸው፣ ስንት ቀን ግማሽ እንደዋጡ ከዚያ ያውቃል።